ሙጫ ላይ የተጣበቀው ውሻ

አንድ ኮሜዲያን ቪዲዮ በለቀቀ ቁጥር የማይቀርለት ጥያቄ አለ፤ «ሰው እየሞተ ትስቃላችሁ?» የሚል። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ጦርነት፣ መፈናቀል፣ ከደመወዝ ቀድሞ የሚሮጥ የጤፍ ዋጋ ያየ ሰው ሲጠይቀው ከልቡ ነው። የሚሰጠው መልስም ሁሌ አንድ ነው፤ «እስቲ ተዉን፣ ለአፍታ እንኳ ጭንቀታችንን እንርሳበት»። ልብ ካላችሁ ጠያቂውም መላሹም ሳይነጋገሩ በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ሳቅ ማስረሻ ነው ብለዋል። አንዱ መርሳት ነውር ነው ይላል፣ ሌላው መርሳት መብቴ ነው ይላል። እኔን የሚያከራክረኝ ሁለቱ የተስማሙበት ነገር ነው። ለክርክሬ የማቀርበው ምስክር ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆነው የሆሊዉድ ፊልም ነው። የሚገርመው ፊልሙ ራሱ በአፉ የሚናገረው ከእነሱ ጋር ወግኖ ነው፤ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው።

ፊልሙ «ሱሊቫንስ ትራቭልስ» ይባላል። ጽፎ ያዘጋጀው ፕሬስተን ስተርጅስ ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ሕዝብ ፊት የቀረበው በ1942 መጀመሪያ፣ አሜሪካ በፐርል ሃርበር ተመትታ ጦርነት ውስጥ ከገባች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አሥር ዓመታት የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዓመታት ናቸው። እንግዲህ ተመልካቹ ከአንድ ክፉ ቀን ወጥቶ ሌላ ክፉ ቀን እየገባ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ስተርጅስ ፊልሙን የሚከፍተው በመታሰቢያ ጽሑፍ ነው፤ መታሰቢያነቱም በየዘመኑና በየአገሩ ሰው ሲያስቁ ለኖሩ ቀልደኞች።

ታሪኩ ቀላል ነው። ጆን ሱሊቫን (ጆኤል ማክሪ) የኮሜዲ ፊልም ዳይሬክተር ነው። ሥራዎቹ ገንዘብ ያመጣሉ፣ ሰው ይወዳቸዋል፣ እሱ ግን አፍሮባቸዋል። ዓለም እየተራበ እኔ ቀልድ እሠራለሁ ብሎ «ኦ ብራዘር፣ ዌር አርት ዛው?» የሚል ስለ ድህነት የሚያወራ ቁምነገረኛ ፊልም መሥራት ይፈልጋል። ወንድም ሆይ፣ የት ነህ? እንደማለት ነው። የስቱዲዮው አለቆች «አንተ ስለ ችግር ምን ታውቃለህ?» ሲሉት ለአፍታ ያስብና ልክ ናችሁ ይላቸዋል። ከዚያ ችግርን ለማወቅ ወደ ስቱዲዮው የልብስ ክፍል ሄዶ የተቀዳደደ ልብስ ይዋሳል፤ ኪሱ ውስጥ አሥር ሳንቲም ብቻ ይዞ መንገድ ይወጣል። ድህነትን ለመቅመስ ከልብስ ክፍል ቡቱቶ መዋስ! ስተርጅስ ከዚህች አንዲት ነገር ብቻ ግማሽ ሰዓት የሚያስቅ ኮሜዲ ያወጣል።

እዚህ ላይ የሱሊቫን የቤት አሳላፊ የሚናገረውን መዝለል አይቻልም። ሮበርት ግሬግ የሚጫወተው ይህ ወፍራምና ጨዋ ሰው፣ ጌታው ቡቱቶ ለብሶ መስታወት ፊት ሲሽከረከር አይቶ በትሕትና ይገሥጸዋል። የንግግሩ ፍሬ ነገር ይሄ ነው፦ ድሀ ድህነትን ከበቂ በላይ ያውቀዋል፤ ድህነት የሚያምረውና የሚያጓጓው ለሀብታምና ለፈላስፋ ብቻ ነው። ድህነትም የሀብት አለመኖር ብቻ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ተላላፊ በሽታ ነው፣ ከሩቅ እንጂ ቀርበው አይጎበኙትም። ይሄን የሚለው ደግሞ ትሪ ይዞ የሚያገለግል ሰው ነው። ስለ ሕዝብ መከራ ግጥም ለመጻፍ ከካፌ ተነስቶ ሰፈር ለሰፈር የሚዞር ሰው ባየሁ ቁጥር ይሄ አሳላፊ ትዝ ይለኛል። (ስለ ሕዝብ መከራ ድርሰት የሚጽፍ ፕሮግራመርም እንዲሁ።)

ሱሊቫን አይሰማም፤ ይሄዳል። ስቱዲዮው ሐኪም፣ ፎቶ አንሺ፣ ጸሐፊ፣ ወጥ ቤት የጫነ ትልቅ አውቶቡስ ከኋላው ያስከትልበታል። ከዚያ ሊያመልጥ ሲሮጥ፣ የጭነት መኪና ለምኖ ሲሳፈር፣ ሲወርድ ራሱን የሚያገኘው እንደገና ሆሊዉድ ነው። ልክ መውጫ ያልተጻፈለት ሉፕ ውስጥ እንደገባ ኮድ፣ በየት በኩል ቢኬድ መነሻው ላይ ነው የሚመለሰው። በዚሁ መሀል አንዲት የተቸገረች ተዋናይት ለመሆን ስትጥር የቆየች ልጅ ያገኛል። ቬሮኒካ ሌክ ናት የምትጫወታት፤ ፊልሙ ስም እንኳ አልሰጣትም። ልጅቷ ለማኝ መስሏት ካላት ጥቂት ሳንቲም ላይ እንቁላልና ሥጋ ትጋብዘዋለች። ይቺን ግብዣ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ከዚያ ፊልሙ ዝም ይላል። እውነቴን ነው፣ ለበርካታ ደቂቃ ቃል አይነገርም። ሁለቱ መጠለያ ውስጥ ይተኛሉ፣ ሾርባ ለማግኘት ይሰለፋሉ፣ ቅማል ያሳክካቸዋል፣ ወለል ላይ እንደ ጆንያ የተደረደረ ሰው መሀል ባዶ ቦታ ፍለጋ ይራመዳሉ። ሙዚቃ ብቻ ነው ያለው። ስተርጅስ ሱሊቫንን ሲያሾፍበት ከቆየ በኋላ፣ ሱሊቫን ሊሠራው የተመኘውን ያንኑ ቁምነገረኛ ፊልም በጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ያሳየናል። ስለዚህ ይሄ ፊልም «ኮሜዲ ይሻላል፣ ቁምነገር ይቅር» የሚል ነው ብሎ የሚያወራ ሰው እነዚህን ደቂቃዎች ሲያይ ስልኩን እየነካካ ነበር ማለት ነው።

ጉዞው ያለቀ ሲመስል ሱሊቫን የአምስት ዶላር ኖቶች ይዞ ሌሊት ለድሆች ሊያድል ይወጣል። አንዱ ጭንቅላቱን መትቶ ይዘርፈዋል። ዘራፊው መታወቂያ የተሰፋበትን የሱሊቫንን ጫማ እንዳደረገ ባቡር ስለሚገጨው ዓለም ሱሊቫን ሞተ ብሎ ያለቅሳል። እውነተኛው ሱሊቫን ግን ማንነቱ ጠፍቶበት ከባቡር ጣቢያ ጥበቃ ጋር ይጣላል፤ ስድስት ዓመት ከባድ የጉልበት ሥራ ይፈረድበታል። አሁን ልብሱ የተዋሰው አይደለም። እግሩ በሰንሰለት ነው። እስረኞቹ «ሚስተር» እያሉ የሚጠሩት የጥበቃ አለቃ ጥፋት ያገኘበትን ሰው ቆሞ ብቻ በሚያስገባ ጠባብ የላብ ሣጥን ውስጥ ይዘጋበታል።

ይሄ ሁሉ የመጣው ለአንድ ትዕይንት ነው።

ረግረግ መሀል አንዲት ደሳሳ ቤተ ክርስቲያን አለች። ምእመናኑ ጥቁር ድሆች ናቸው። ከመድረኩ ፊት ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል፤ ዛሬ ፊልም ሊታይ ነው፣ እስረኞቹም ተጋብዘዋል። እስረኞቹ ከመድረሳቸው በፊት ሰባኪው (ጄስ ሊ ብሩክስ) ምእመናኑን ያዘጋጃል። የፊተኞቹን ሦስት ረድፍ ወንበሮች ልቀቁላቸው ይላል። በቃልም ይሁን በአድራጎት፣ በዓይን አመለካከትም እንኳ፣ እንግዶቻችን እንዳልተፈለጉ እንዳይሰማቸው፤ እንዳትሸሿቸው፣ እንዳትኮሩባቸው፤ እግዚአብሔር ፊት ሁላችንም እኩል ነን ይላቸዋል። ከዚያ «ጎ ዳውን ሞዘስ» የሚለውን፣ ጥቁሮች በባርነት ዘመን ስለ ነጻነት ሲዘምሩት የኖሩትን መዝሙር ያነሳል። እስረኞቹ በዚያ ዜማ መሀል ሰንሰለታቸውን እየጎተቱ ይገባሉ። የእግር ብረቱ ድምፅና መዝሙሩ አብረው ይሰማሉ። ከዚያ መብራት ይጠፋል፤ የዋልት ዲዝኒ ካርቱን ይጀምራል።

ስተርጅስ እዚህ ቦታ የቻርሊ ቻፕሊንን ፊልም ሊያስገባ ፈልጎ ፈቃድ አላገኘም። እንኳንም አላገኘ። በምትኩ የገባው የ1934ቱ «ፕሌይፉል ፕሉቶ» ነው። ፕሉቶ የሚባለው ውሻ ዝንብ ለመያዝ ሙጫ የተቀባ ወረቀት ላይ ይቀመጣል። አንዱን እግሩን ሲያላቅቅ ሌላው ይያዛል፤ ያንን ሲያላቅቅ አፍንጫው ይያዛል፤ ከአፍንጫው ሲያነሳው ጆሮው ላይ ይለጠፋል። በቃ፣ ቀልዱ ይሄ ብቻ ነው። ቤቱ ግን በሳቅ ይናወጣል። ሱሊቫን መጀመሪያ ኮስተር ብሎ ያያል፣ ከዚያ አፉ ያመልጠዋል፣ ከዚያ ግራ ገብቶት አጠገቡ ያለውን «እየሳቅኩ ነው እንዴ?» ይለዋል።

ከዚህ በኋላ ፊልሙ ወደ መልእክቱ ይሮጣል። ሱሊቫን ራሱን በመግደል ወንጀል «ጥፋተኛ ነኝ» ብሎ ፎቶው ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ ያደርጋል፣ ማንነቱ ይታወቃል፣ ይፈታል። አለቆቹ አሁን ቁምነገረኛውን ፊልም እንዲሠራ ሲለምኑት አልፈልግም፣ ኮሜዲ ነው የምሠራው ይላል። አንዳንድ ሰው በዚህ ዓለም ያለው ሀብት ሳቅ ብቻ ነው፤ ብዙ ባይሆንም ከምንም ይሻላል በሚል መንፈስ ይናገርና የሚስቁ ፊቶች በስክሪኑ ላይ እየተደራረቡ ፊልሙ ያልቃል። በየጊዜው ሰው የሚጠቅሰው ይሄንን ነው። ሳቅ የድሀ ማስረሻ ነው፤ እሱን አትንፈጉት።

ያንን ንግግር የሚያደርገው ማነው? የወጣው ሰው ነው። ታዋቂ ስለሆነ የተፈታው፣ ሀብታም ስለሆነ ፍርዱ የቀለለለት ሰው። በፊተኞቹ ሦስት ረድፎች ላይ አብረውት የሳቁት ሰዎች ፍርዳቸውን እየጨረሱ ነው። ምን እንዳሳቃቸው የጠየቃቸው የለም። እኔ ፊልሙን ካየሁ ጀምሮ የሚከነክነኝ ይሄ ነው፤ ሱሊቫን የራሱን ሳቅ አይቶ የነሱን ሳቅ ተረጎመ። እሱ ረስቶ ይሆናል። እነሱ ግን እግራቸው በሰንሰለት ታስሮ የሚያዩት ምንድነው? እግሩን ማላቀቅ ያቃተውን ውሻ ነው። በታገለ ቁጥር የባሰ የሚያዝ፣ አንዱን ሲፈታ በሌላው የሚታሰር ፍጡር። ሁኔታቸውን ሊያስረሳ የሚችል ስንት ካርቱን እያለ ይሄ ስክሪኑ ላይ መጥቶ ነው የፈነዱት። ይሄ መርሳት አይደለም። አንድ ሰው የራሱን ኑሮ አራት እጅ በአራት እጅ በሆነ ነጭ ጨርቅ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ ሆኖ፣ ለዚያውም ሁለት መቶ እግር ካለው ወንድሙ ጋር አብሮ ሲያየው የሚወጣው ድምፅ ነው።

ሁለተኛውን ነገር ደግሞ ተመልከቱ፦ ሳቁ ከመምጣቱ በፊት ወንበር ተለቅቋል። ያ ካርቱን እስር ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ሚስተር ጠመንጃ ይዞ እያየ ቢታይ ኖሮ እንዲያ ያስቅ ነበር ወይ? አይመስለኝም። በመጀመሪያ አንድ ሰው ተነስቶ «እነዚህ እንግዶቻችን ናቸው» አለ። የከበሬታ ቦታ የለቀቁላቸው ደግሞ ራሳቸው ከማንም በታች የተቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ልጅቷ ባላት ሳንቲም እንቁላል እንዳበላችው ሁሉ፣ እዚህም ጋባዡ ሌላ የሌለው ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ የሱሊቫን የልግስና ገንዘብ ጭንቅላቱን አስመታው፤ የነሱ ወንበር ግን አሳቀው። ሰው በክፉ ቀን ሳቅ የሚያመጣለትን ሰው ሲያመሰግን ስለ ቀልዱ ያመሰግናል። ቀልዱማ ተራ የውሻ ቀልድ ነው። ወንበሩ ነው ትልቁ ነገር።

ይሄን እኛ ሩቅ ሄደን መፈለግ የለብንም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። አጎቴ የሞተ ጊዜ፣ በሰልስቱ ምሽት፣ እድሩ በተከለው ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየቆረጠምን አግዳሚው ላይ ተደርድረናል። አጎቴ በሕይወቱ አንድ ነገር አይችልም ነበር፤ ማንም ያልተቀመጠበት ክፍል ውስጥ የሚበራ አምፖል ማየት። ቤቱን ዞሮ ዞሮ ያጠፋል፣ ሰው መጸዳጃ ቤት ሆኖም ያጠፋበታል። እንግዲህ ሁላችንም አቀርቅረን ሳለ የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። ጨለማ። ከወደ ጥግ አንድ የእድሩ ሰው በረጅሙ ተነፈሰና «አይ እሱ! ገና ሦስት ቀኑ እኮ ነው፣ እዚያም ሄዶ ማጥፋት ጀመረ?» አለ። ለአንድ ሁለት ሰከንድ ማንም ትንፍሽ አላለም። መጀመሪያ የሳቀችው አክስቴ ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። እሷ ስትስቅ ድንኳኑ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ እሷ እየሳቀች አለቀሰች፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከአለቀሰችው ሁሉ ያኛው ነበር የሚያሳዝነው።

ያ ሰው አጎቴን አላስረሳትም። እንዲያውም በዚያች ቅጽበት አጎቴ ድንኳኑ ውስጥ ነበር። ሰውዬው ይሄን ቀልድ በመጀመሪያው ቀን አልተናገረም፤ ቢናገር ኖሮ ከሰፈር ይባረር ነበር። ከሩቅ የመጣ ሰው ቢናገረውም አይሆንም። ሦስት ቀን አብሮ ተቀምጧል፣ ድንኳን አብሮ ተክሏል፣ የሟቹን ጠባይ ያውቃል። አማርኛ እንዲህ ላለ ሰው ስም አለው፤ ጨዋታ አዋቂ ይለዋል። በአማርኛ ጨዋታ ማለት መጫወትም ማውራትም ነው፤ «ና እስቲ እንጫወት» ያለህ ሰው ኳስ ይዞ ላይመጣ ይችላል። አዋቂ መባሉ ደግሞ የሚያውቀው ነገር ስላለ ነው፦ መቼ፣ የት፣ ማን ፊት።

አለቃ ገብረ ሐና የሚነሱት እዚህ ላይ ነው። ስማቸው ከቀልድ ጋር ስለተጣበቀ እንደ ቤተ መንግሥት አጫዋች አድርጎ የሚያስባቸው ሰው ብዙ ነው። ሰውዬው ሊቅ ናቸው፤ በልጃቸው ስም የተክሌ እየተባለ የሚታወቀው የአቋቋም ስልት የሳቸው ነው። ሰማኒያዎቹ መጀመሪያ ላይ ከብቱን በሽታ ጨርሶ፣ ዝናብ ጠፍቶ፣ አገር ያለቀበትን ክፉ ቀንም በሕይወት አይተዋል። በስማቸው የሚነገሩት ቀልዶች ሁሉ የሳቸው አይደሉም፤ ባለቤት የሌለው ቀልድ ሁሉ እሳቸው ላይ ተለጥፏል። ለእኔ ግን የሚያስገርመኝ ሕዝቡ ለመለጠፍ የመረጠው ሰው ማንነት ነው። ዘለባዳ አልመረጠም። መጽሐፍ ያገላበጠ፣ ማኅሌት የቆመ፣ ግብዣ ላይ ከጌቶችም ከድሆችም ጋር የተቀመጠ ሰው መረጠ። ቀልዶቹ ውስጥ ደግሞ ስንት ጊዜ ምግብ እንደሚነሳ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ማን ጠገበ፣ ማን በጾም በላ፣ ማን ለእንግዳው አሳንሶ አቀረበ። ይሄ ረሃብን የረሳ ሰው ቀልድ አይደለም።

እስካሁን ሳቅን እያሞገስኩ መጣሁ፤ ፊልሙ ግን ሌላም ነገር ያሳያል፣ እሱን ዘልዬ ማለፍ አልፈልግም። ያ አውቶቡስ ሱሊቫንን ሲያባርር በነበረበት ጊዜ ውስጡ ያለው ወጥ ሠሪ ጥቁር ነው። አውቶቡሱ ሲንገጫገጭ ለፓንኬክ የተበጠበጠው ሊጥ ፊቱ ላይ ይደፋና ጥቁሩ ሰውዬ ነጭ ይሆናል። ሳቁልኝ ነው። ያው ዳይሬክተር በዚያው ፊልም ውስጥ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ትዕይንት ሠራ። ያ ትዕይንት በዘመኑ ከነበረው የሆሊዉድ ልማድ እጅግ የተለየ ስለነበር ለጥቁር አሜሪካውያን መብት የሚታገለው የኤንኤኤሲፒ ጸሐፊ ዋልተር ዋይት ለስተርጅስ የምስጋና ደብዳቤ ጽፎለታል። ይገባዋል። ሊጡ ግን አልተሰረዘም። አንድ ሰው፣ አንድ ፊልም፣ ሁለት ዓይነት ሳቅ ነው።

ልዩነታቸው የቱ ጋ ነው? ውሻው ሙጫ ላይ ሲጣበቅ የሚስቀው ሰው ራሱ የተጣበቀ ነው። ወጥ ሠሪው ሊጥ ሲደፋበት የሚስቀው ግን ደረቅ ወንበር ላይ የተቀመጠው ነው። የእኛን አገር ኮሜዲ በዚህ ዓይን ስመዝነው ብዙ ጊዜ የሚከብደኝ የቀልዱ ድንቁርና ሳይሆን አቀማመጡ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ የገጠሩን ሰው አነጋገር በማንሻፈፍ ሳቅን? አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው ፊደል ሲስት ስንት አዳራሽ ጨበጨበ? የቤት ሠራተኛዋ ከመጣችበት አገር ዘዬ ጋር በስንት ድራማ ማሳቂያ ሆነች? አገር በሰላም ውሎ በሚያድርበት ጊዜ «ቀልድ ነው እኮ፣ አታክርሩት» ይባል ይሆናል። ሰው በሚናገረው ቋንቋ በሚፈራበት ጊዜ ግን ያው ቀልድ ሌላ ነገር ይሆናል። «ሰው እየሞተ ትስቃላችሁ?» የሚለው ሰው ጥያቄውን እንዲህ ቢያስተካክለው እኔም አብሬው እጠይቃለሁ፤ በማን ላይ ነው የምትስቁት፣ እናንተስ የት ቆማችሁ?

ሌላው ከባድ ነገር ሚስተር ነው። እስረኞቹን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲሄዱ የፈቀደው እሱ ነው፤ የላብ ሣጥኑም የሱ ነው። ስለዚህ ሳቅ ለአሳሪውም ይመቻል ማለት ነው? በከፊል አዎ። በሳምንቱ መጨረሻ የሳቀ እስረኛ ሰኞ ዶማውን ያነሳል። «ሳቅ ማስረሻ ነው» የሚለውን ሐሳብ የምጠላው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ ከተመልካቹ ይልቅ ሚስተርን ይጠቅመዋል። ሚስተር የሚፈቅደው ግን የትኛውን ሳቅ ነው የሚለውን ለማየት ወደ ራሳችን የቴአትር ታሪክ ብንመለስ፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔታችን ኮሜዲ ነው። ሩሲያ ተምረው የመጡት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ጻፉ። አውሬዎች ናቸው የሚናገሩት፤ ሹማምንቱ ግን አንበሳውና ቀበሮው ማን እንደሆነ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ንግሥት ዘውዲቱ ተውኔቱን አገዱት። የእንስሳት ተረት ነው እኮ፣ ልጅ የሚተኛበት! ግን ማስረሻ ሳይሆን ማሳያ መሆኑን ከማንም በፊት የገባቸው ያገዱት ሰዎች ናቸው። በአሜሪካም ከዚህ የሚመሳሰል ነገር ሆኗል። በጦርነቱ ጊዜ የነበረው የሳንሱር ቢሮ «ሱሊቫንስ ትራቭልስ» ወደ ውጭ አገር እንዲላክ አልፈለገም፤ ምክንያቱ እስረኞቹ በሰንሰለት ሲሠሩ የሚታየው ጭካኔ ነበር። በኮሜዲ ስም የተሠራው ፊልም ሱሊቫን ሊሠራው ከፈለገው ቁምነገረኛ ፊልም በላይ ባለሥልጣን አስደነገጠ።

ስለዚህ ለኮሜዲያኖቻችን ሁለት ትእዛዝ እየሰጠን እንዳለን ይሰማኛል፤ ሁለቱም የማይሆኑ። ወይ ዝም በሉ፣ ወይ አስረሱን። ዝም ያለው ይረሳል። አስረሳችኋለሁ ብሎ የተነሳው ደግሞ ከኑሯችን ጋር የማይገናኝ ነገር ፍለጋ ሄዶ ሄዶ የሚያገኘው ያንኑ የዘዬ ቀልድ፣ ያንኑ ሚስቱን የምትፈራ ባል፣ ያንኑ በድግስ ሰክሮ የሚወድቅ ሰው ነው። በአንጻሩ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ መብራት፣ ስልክ ሲደወል ስለሚመጣ ድንጋጤ የሚሠሩ ልጆች አሉ። ዝነኞች አይደሉም፣ መብራታቸውም ካሜራቸውም እዚህ ግባ አይባልም። እነሱን ሳይ የምስቀው ኑሮዬን ረስቼ አይደለም፤ «ለካ አንተም?» ብዬ ነው። ከፊት ለፊቴ ወንበር የተለቀቀልኝ ይመስለኛል።

የሱሊቫን ያልተሠራው ፊልም ርእስ ግን ባክኖ አልቀረም። በ2000 እ.ኤ.አ. የኮየን ወንድማማቾች ርእሱን ወስደው የራሳቸውን «ኦ ብራዘር፣ ዌር አርት ዛው?» ሠሩ፤ በ1937 ሚሲሲፒ ውስጥ ከሰንሰለት ያመለጡ ሦስት እስረኞች ታሪክ ነው። እነሱም ለስተርጅስ ትዕይንት አጸፋ ሰጥተዋል። ከሦስቱ አንዱ ፒት በመንገድ ጠፍቷል፤ ጓደኞቹ ልብሱን ብቻ ሲያገኙ፣ ከልብሱ ውስጥም እንቁራሪት ሲወጣ፣ አስማት ሠርተውበት እንቁራሪት አድርገውታል ብለው አዝነዋል። ሁለቱ ሲኒማ ቤት ተቀምጠው ሳለ ፊልሙ ይቆማል፣ ጠመንጃ የያዙ ጠባቂዎች ይገባሉ፣ እስረኞች በሰንሰለት ተያይዘው ወንበሩን ይሞላሉ። ፒት ከነሱ መሀል ነው። በጨለማው ውስጥ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ በሹክሹክታ ያስጠነቅቃቸዋል፤ ወጥመድ ተዘጋጅቶላችኋል፣ ሀብቱን ፍለጋ እንዳትሄዱ። ከሁለቱ አንዱ፣ የዋሁ ዴልማር፣ በዚያ ሁሉ ጠመንጃ መሀል የሚመልስለት፣ እኛ እኮ እንቁራሪት ሆነህ መስሎን ነበር ብሎ ነው።